ያመጣኸውን አትቀምስም

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

ማንም ስለማያየው ልጻፈው። ልጄን ዋሽቻታለሁ። ትናንት አይደለም… ሁለት ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ውሸቱን እየቀለብኩ አሳደግኩት።

ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከአተሩ ከረጢት ሥር፣ የሚስቴ የዮሌ ቶርቴሊኒ አለ፤ በመረቅ የሚበላ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ትንንሽ ሊጥ። ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ፣ ለገና ብላ በእጇ የጠቀለለችው። ከቀብር ስንመለስ ሞሬና «አባዬ፣ ለገና እማዬ የሠራችውን እንብላው» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «በግርግሩ የፍሪዘሩ ሶኬት ተነቅሎ ኖሮ ተበላሸ። ጣልኩት።» ምንም የተነቀለ ሶኬት አልነበረም። ቀና ብላ አየችኝ። «ያንንም?» አለች። 

ለምን ዋሸሁ? ከተበላ ያልቃላ!

የዮሌ ቶርቴሊኒ ሰው ሁሉ ከሚሠራው በመጠኑ ያንሳል። ሊጡን በትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ ነበር የምትጠቀልለው። እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ጣቷ ገብቶ የወጣበት። አንዳንድ ቀን ፍሪዘሩን ከፍቼ አያለሁ። አልነካውም። አየት አድርጌ እዘጋለሁ።

ከዚህ ሌላ ዛሬ ምንም የለም። ቅዳሴ ሄድኩ። ዳቦ ገዛሁ። እራቴን እንደ ልማዴ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ በላሁ። አላማተብኩም። የማዕዱን ጸሎት የምትጸልየው ዮሌ ነበረች፤ የኔ ድርሻ አሜን ማለት ነው። ለማን ጸሎት አሜን ልበል?

ሞሬና ደወለች። «ምን በላህ?» «ሾርባ። ጠረጴዛ ዘርግቼ።»

ሌላ ውሸት። ይሄኛው ትንሽ ነው።


ረቡዕ፣ ማርች 1

አውቶቡስ ስነዳ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከተማችን ቦሎኛ ውስጥ የማላውቀው ጉድጓድ የለም ባይ ነኝ። ዛሬ ግን…

በእግረኛ መንገዱ ቅስቶች ሥር እየሄድኩ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ። ጥቁር ካፖርት የለበሰች ባልቴት ከፊቴ ትሄዳለች። ድስት ይዛለች፣ በፎጣ የተጠቀለለ። ባቄላና የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝ። ድንገት ታጠፈችና ያንን ቀለሙ የተላላጠ አረንጓዴ በር በክርኗ ገፍታ ገባች። ምልክት የሌለው፣ ስም የሌለው በር ነው። ዕድሜ ልኬን የቀለም መጋዘን ይመስለኝ ነበር።

ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ዳቦ በብብቱ ይዞ መጣና ገባ። ማንም አልወጣም።

ለምሳ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ምግቡን ከቤቱ አውጥቶ ወዴት ይወስዳል?


ሐሙስ፣ ማርች 2

ዛሬም በዚያ አለፍኩ። በሩ ሲከፈት ሳቅ ሰማሁ። ምን አገባኝ?


ማክሰኞ፣ ማርች 7

ጌታ ሆይ፣ ምን አሳየኸኝ?

በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ጫማዬን የማስር መስዬ። ያች ባልቴት ድስቷን ይዛ መጣች።

«ቆመህ ከምታየኝ በሩን አትከፍትልኝም?»

ከፈትኩላት። «በል እንግዲህ ዝጋው፤ ብርድ ታስገባለህ» አለች። ለመዝጋት ስገባ… ገባሁ በቃ።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። ጠባብ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኙ በርሜል። ወለሉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ተመለስ ተመለስ አለኝ። መጨረሻው ላይ ባልቴቲቱ መጋረጃ በትከሻዋ ገለጠች።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ቅስት ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። አንድ ጠረጴዛ ብቻ። አንድ! ረጅም፣ ጠርዙ በሰው ክንድ የተበላ። ከጠረጴዛው ወዲያ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ… ውኃ። ቦይ። በሁለት የቤት ግድግዳዎች መሐል ዝም ብሎ የሚሄድ ውኃ። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ወርዳ ብርሃኑ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። በሰዎቹ ግንባር ላይ ሁሉ ይሄዳል። ድሮ ከተማችን ቦይ እንደነበራት እሰማ ነበር። ተደፍኗል ሲሉ ተደፍኗል ብዬ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በላዩ ላይ አውቶቡስ ስነዳበት ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ሽርጥ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ መጣች። ዛይራ ነው ስሟ፤ የቤቱ ባለቤት።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

«እዚህ ምግብ አይሸጥም፣ ወንድሜ። የኔ ወይኑ ነው። ምግቡን የሚያመጣው ሰው ነው።»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም…» ብዬ ዞርኩ።

ባልቴቲቱ እጅጌዬን ያዘችኝ። «ወዴት? ቁጭ በል! መጀመሪያ ቀን ሁሉም ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ወደዚች ምድርስ ምን ይዘን መጣን?»

አርጂያ ትባላለች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ሽማግሌ፣ ያ ባለ ዳቦው፣ ሊቤሮ ነው፤ የባቡር መካኒክ የነበረ። ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ አለ፤ ካላያችሁልኝ የሚል ቀይ። ሌሎችም ነበሩ፤ ስማቸውን ገና አልያዝኩም።

ሁሉም ያመጣውን ጠረጴዛው መሐል ፈታ። ባቄላ፣ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት፣ ሽንኩርት ያለው እንቁላል፣ ፎርማጆ። ማንም «ይሄ የኔ ነው» አላለም። አርጂያ እጆቿን አጣምራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጸለየች። ሊቤሮ በእግዜር አያምንም፤ ግን እስክትጨርስ ማንኪያውን አላነሳም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለሷ ስል ነው እንጂ ለሱ አይደለም» አለኝ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ጣሪያው እያመለከተ።

ስትጨርስ አፌ ራሱ «አሜን» አለ።

ባቄላው ሞቃት ነበር። ቁጭ ብዬ በላሁ… ወንበር ላይ፣ ከሰው ጋር። ትከሻዬ ከሰው ትከሻ ጋር እየተነካካ። ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። አይ፣ ሊቤሮ ጠይቆኛል። «ስምህ?» «ቫስኮ።» «ሥራህ?» «አውቶቡስ እነዳ ነበር።» «አሃ! ስሮጥ አይቶኝ በሩን የዘጋብኝ አንተ ነሃ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም።


ረቡዕ፣ ማርች 8

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያ ብርሃን ከዓይኔ አልጠፋም። ስንት በር አለፍኩ እኮ በሕይወቴ፣ መጋዘን ነው እያልኩ?

ዓርብ ተመልሼ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ግን አይሆንም። ምን ልያዝ? ምግብ መሥራት አልችልም። ጥሩ ነገር እገዛለሁ። ከጥሩም ጥሩውን።


ዓርብ፣ ማርች 10

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ሞርታዴላ ነበር የገዛሁት፤ የአሳማ ሥጋ ቋሊማ። ከሁሉ የሚሻለውን፣ በስሱ የተቆረጠ፣ የፒስታቺዮ ፍሬ ያለበት። በኩራት ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው መሐል ወረቀቱን ፈታሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው።

አርጂያ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ሌላው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጠረጴዛውን አየሁ፤ ሽምብራ፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ ፎርማጆ…

ዓርብ። እኛ ካቶሊኮች ሥጋ የማንነካበት የፋሲካ ጾም ዓርብ!

እኔ! በየቀኑ ቅዳሴ የምሄደው! ዮሌ ከሞተች ወዲህ ቀኖቹ ስም የላቸውም። ዓርብን ዓርብ የምታደርገው እሷ ነበረች፤ ጠዋት ስነሳ «ዛሬ ሥጋ የለም፣ እንዳትሳሳት» ትለኝ ነበር።

ሊቤሮ ብድግ አለ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ዕድሜ ልኬን ስጠብቅህ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጓድ መጣልኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አርጂያ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሊቤሮ ሞርታዴላውን ወደ ራሱ ስቦ ብቻውን ይበላ ጀመር። «ኃጢአትህን እየበላሁልህ ነው። ቄስህ እንዲህ ያደርግልሃል?»

አፍሬ ወረቀቱን ላጥፍ፣ የቀረውን ልደብቅ እጄን ስዘረጋ ዛይራ እጄን መታችኝ። ቀልዷን አልነበረም።

«እጅህን ሰብስብ። እዚህ ሰው ያመጣውን አይነካም። ያመጣኸውን አትቀምስም። የቤቱ ሕግ ነው።»

አርጂያም ከራሷ ድስት ቀምሳ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ማክሰኞ የበላችው የሊቤሮን ዳቦና የሰው ዓሣ ነበር። እኔ አላየሁም ነበር።


እሑድ፣ ማርች 12

ከቅዳሴ በፊት ንስሐ ገባሁ። ሞርታዴላውን ተናዘዝኩ። ቄሱ ሳቁን ሲውጥ ተሰማኝ። «ከየት ነው የገዛኸው?» አለኝ።

ሞርታዴላውን ተናዘዝኩ። ፍሪዘሩን አልተናዘዝኩም። ትንሹን ኃጢአት ከፊት አቁሜ ትልቁን ከኋላው ደበቅኩት። ልክ እንደ አተሩ ከረጢት።

ከሰዓት በኋላ ሞሬና ደወለች። የሚቀጥለው እሑድ ትመጣለች፤ የቅዱስ ዮሴፍ ቀን ነው፣ የአባቶች በዓል። «ድምፅህ ደህና ነው» አለችኝ። «ምን አገኘህ?»

«ምሳ» አልኳት።


ሐሙስ፣ ማርች 16

ዛሬ እንቁላል ቀቅዬ ወሰድኩ። ሊቤሮ አንዱን ልጦ ከመላጣው ጋር እያስተያየ «ዘመድ ነን» አለ። በላልኝ።

ዛይራ ብርጭቆ ስታጥብ ቀረብ ብዬ ስለ ሕጉ ጠየቅኳት።

«አያቴ ነው የደነገገው» አለች። «በጦርነቱ ጊዜ። ረሃብ ነበር። እዚሁ ቁጭ ብለው አንዱ ደረቅ ዳቦ ያወጣል፣ አንዱ ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ቋሊማ ይገምጣል። አያቴ አየውና ጮኸ። የራሱን ሊበላ የሚፈልግ ቤቱ ይብላ፤ እዚህ የሚመጣ ያመጣውን ለሰው ይስጥ፣ ሰው የሰጠውን ይብላ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው መጥፎውን አያመጣም። ለምን ያመጣል? ራሱ አይበላው!»

ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ… ፊቴ ጋለ።

ከዚያ አርጂያን በጎን ጠየቅኳት። «አንድ ወዳጄ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ቶርቴሊኒ አለው። ሁለት ዓመት ያለፈው። ይበላል?»

«በመብላቱ ይበላል። ሊጡ ደርቆ ይሆናል። መረቅ ውስጥ ሲገባ ይከፈት ይሆናል፤ ሥጋው ይወጣና ገንፎ ይሆንበታል። ከቆየ በቆየ ቁጥር ይብስበታል።» አየችኝ። «ወዳጅህ ምን ይጠብቃል?»

ሊቤሮ ከማዶ፣ «የወዳጅህ ስም ቫስኮ ነው?»

አይሰማም ብዬ! ነገርኳቸው። ሁሉንም። የሶኬቱንም ውሸት። ሊቤሮ አልቀለደም። ሻርፑን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ ቆየ።

«ለገዛ ልጅህ?» አለ በመጨረሻ።

አርጂያ ብቻ «እሑድ ትመጣ የለ?» አለች።


እሑድ፣ ማርች 19

ነገርኳት።

ደስ ብሏት ነበር የመጣችው። ማርማላታ ያለበትን የቅዱስ ዮሴፍ ብስኩት ይዛ። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ነገርኳት፤ ከተቀመጥን አልችልም ብዬ ፈርቼ። የፍሪዘሩን በር ከፈትኩ። አተሩን አነሳሁ።

ከረጢቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ያን እሑድ እማዬ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ነይ፣ አብረን እንጠቅልል አለችኝ። ሥራ አለኝ አልኳት። ሥራ አልነበረኝም፣ አባዬ። ደክሞኝ ነበር፤ መተኛት ነበር የፈለግኩት።»

አላወቅኩም ነበር። ዮሌ አልነገረችኝም።

«ብቻዋን ጠቀለለችው። እሱን ብበላ… አላውቅም፣ ከእሷ ጋር የተቀመጥኩ ይመስለኛል ብዬ ነበር። እሱንም ተበላሸ አልከኝ። ለቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሁለት ዓመት፣ አባዬ! ለቅጣቴ ነው ብዬ!»

አጠገቧ ተንበረከክኩ።

ተነሳች። ከረጢቱን ቦታው መለሰችው፤ አተሩን እንኳ ከላዩ አደረገችበት።

«ያንተ ነው» አለች። «ብላው።»

በሩን አላጋጨችውም። ቢጋጭ ይሻለኝ ነበር።

ብስኩቱ በወረቀቱ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ነው።


ረቡዕ፣ ማርች 22

አልደወለችም።


ቅዳሜ፣ ማርች 25

አልደወለችም። ደወልኩ፤ አታነሳም። ዛይራ ጋ አልሄድኩም። ምን ይዤ? በምን ፊቴ?

የደበቅኩት የዮሌን ቶርቴሊኒ መስሎኝ ነበር። ለካ የልጄን ይቅርታ ነው የደበቅኩባት።


ሰኞ፣ ማርች 27

በሩ ተንኳኳ። ሊቤሮ! ቀይ ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ጎድጓዳ ሳህን በጨርቅ ቋጥሮ። አርጂያ ቤቴን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠይቃ ልካው ነው።

«አባል ሲቀር ኮሚቴ ይላካል» አለ። «ኮሚቴው እኔ ነኝ። ገለል በል።»

ማእድ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ጠረጴዛው ላይ የጋዜጣ ክምር። ዕቃ ማጠቢያው ጋ አንድ ሹካ፣ አንድ ሳህን።

«ፈረስ ነህ እንዴ ቆመህ የምትበላው?»

ጋዜጣውን በክንዱ ጠርጎ ወለሉ ላይ ጣለው። ሁለት ሳህን አስቀመጠ። የአርጂያ ሽምብራ ነበር። ልበላ ስል ማንኪያዬን ያዘው።

«ጸልይ።»

«አንተ የለህበትም!»

«እኔ የለሁበትም። አንተ ግን አለህበት። የሰው ነገር አላበላሽም።»

ጸሎቱ ጠፋኝ። ዝም ብዬ አማተብኩ። እሱም ማንኪያውን ሳያነሳ ጠበቀኝ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «በስልክ ይቅርታ የሚጠይቅ ፈሪ ነው» አለ። «ሂድ።»


ሐሙስ፣ ማርች 30

ሄድኩ። የት እንደምሳፈር አውቃለሁ፤ ያንን መስመር ራሴ ነድቼዋለሁ። ሞሬና ከምትሠራበት የመነጽር ሱቅ ስትወጣ የምትሳፈርበት ፌርማታ ላይ ጠበቅኳት። አየችኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ገባች። ተከትዬ ገብቼ ጎኗ ተቀመጥኩ።

በአውቶቡስ ከሰው ጎን ስቀመጥ እንግዳ ነገር ነው የሆነብኝ። ሥራዬ ለሰው ጀርባ መስጠት ነበር። ለእሷም እንደዚያው ኖሬ ይሆን?

«ለራሴ ብቻ ስለፈለግኩት ነው» አልኳት። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ብፈልግም አላገኘሁም።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ፌርማታዎች አለፉ። የሷም አለፈ፤ አልወረደችም።

«ስንት ቀርቷል?» አለች።

«ሁሉም። አንድም አልነካሁም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ስለ ዛይራ ቤት ነገርኳት፤ ስለ በሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሞርታዴላው። ሞርታዴላው ላይ ከንፈሯ ነቃነቅ አለ። የመጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ ነው የተናገረችው፣

«መረቁን እኔ ነኝ የምሠራው። አንተ መረቅ አታውቅም።»


እሑድ፣ ኤፕሪል 9

ፋሲካ። ተነሥቷል። ነገ ነው ከሞሬና ጋር ዛይራ ቤት የምንሄደው።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 10

ነገሩን እንደሆነው ልጻፍ። ምንም ሳላሳምር።

በፋሲካ ማግስት ከተማው ሁሉ ወደ ገጠር ይወጣል። ዛይራ የምትሄድበት ለሌለው ትከፍታለች። ሞሬና የመረቁን ድስት በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች፤ ከኋላዋ ሆኜ ሳያት አርጂያን መጀመሪያ ያየሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ከረጢቱን ደረቴ ላይ ይዤ ነበር። ቅዝቃዜው በካፖርቴ አልፎ ይሰማኛል።

አረንጓዴውን በር ከፈትኩላት። መጋረጃውን ገለጥኩላት። ውኃው ላይ ፀሐይ ነበር። ሞሬና ደፉ ላይ ቆመች። አፏን ከፍታ ጣሪያውን አየች።

«ይሄ… እዚህ ነበር? ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እዚያ ቤት እሳት አይፈቀድም። ዛይራ ግን የጓዳዋን ምድጃ ሰጠችን፤ «ዛሬ ብቻ፣ ለማንም እንዳታወሩ» አለች። ሁሉም ተከትሎን ጓዳ ገባ። መተላለፊያ ጠፋ። መረቁ ሲፈላ ከረጢቱን ከፈትኩ። ጨመርኩ።

አሁን ያደረግኩትን ልጻፍ። አንዷ ከከረጢቱ ጥግ ከበረዶው ጋር ተጣብቃ ቀርታ ነበር። መዳፌ ላይ ወደቀች። ማንም አላየም። እጄ ወደ ካፖርት ኪሴ ገባ። እጄ ልበል? እኔ ነኝ።

ሁላችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን ጠበቅን። ምጥ ላይ ያለች ሴት በር ላይ እንደሚጠበቀው። ጥቂቶቹ ተከፈቱ። ሞሬና ክንዴን ጨመቀችኝ። የቀሩት ግን… አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጡ። እንደተጠቀለሉ። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ዮሌ ያሰረችው አልተፈታም። አርጂያ «ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ?» አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጅ ታውቃለች።

ጠረጴዛው ላይ በየሳህኑ ቀረበ። አርጂያ እጆቿን ልታጣምር ስትል ተወችውና ወደኔ ዞረች። «ዛሬ አንተ።»

ጠፍቶኛል ልል አፌን ስከፍት የዮሌ ጸሎት ወጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። በሷ አጠራር። ሞሬና «አሜን» አለች።

ሊቤሮ ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅቷ መረቁን አመጣች። አባት ቶርቴሊኒውን አመጣ። በሕጉ መሠረት እሷ መረቁን አትጠጣም፣ እሱ ቶርቴሊኒውን አይበላም። ፋሲካ ለእኛ ሆነ፣ ጾሙ ለነሱ!»

«አንተ ሰውዬ ዝም በል» አለች አርጂያ።

«ሕግ ነው! እኔ አልደነገግኩትም።»

ሁሉም ዛይራን አየ። ዛይራ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አሰበች።

«መረቁ የቤቴ ምድጃ ላይ ነው የፈላው፤ የኔ ነው በሉት። ቶርቴሊኒውን ማን ጠቀለለው?»

«ዮሌ» አልኩ።

«እንግዲያው ያመጣችው ዮሌ ናት። አንተ ተሸክመህ ነው የመጣኸው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «እሷ ብቻ ናት የማትበላው።»

ከመስኮቱ ሥር ውኃው ሲሄድ ተሰማኝ።

ሁሉም ማንኪያ አነሳ። ሞሬና በላች። ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ። ፊቷን አየሁት… አልጽፈውም። ለኔ የተሰጠ ነው።

እኔ ግን ማንኪያዬን ማንሳት አቃተኝ። ኪሴ ረጥቧል። በረዶው ቀልጦ ጭኔን ያቀዘቅዘኛል። እዚያው፣ በዚያ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ባወጣበት… ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ።

አወጣኋት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አንዲት፣ እርጥብ፣ የኪስ ብናኝ የያዘች።

«ሞሬና… አንዷን ደግሞ…»

አየቻት። አየችኝ። ፈራሁ፤ አሁን ትነሳለች አልኩ። ሳቀች። የዮሌን ሳቅ፣ ከአፍንጫ የሚጀምረውን፤ ሁለት ዓመት ያልሰማሁትን። «እማዬ ብታይህ!» አለች። «ወይኔ እማዬ ብታይህ!»

ሊቤሮ ጎንበስ ብሎ መረመራት። «በካፖርት የታሸ። እንዲህ ያለውን ሀብታሞች እንኳ አላገኙትም።»

ዛይራ አነሳቻት። ብናኙን በውኃ አጠበች። በጭልፋ ይዛ የሚፈላው መረቅ ውስጥ ከተተቻት፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፣ ለአንዲት ፍሬ። አልተከፈተችም። ማንኪያዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ብርሃኑ ከጣሪያው ወርዶ ማንኪያው ላይ ሄደ። እንፋሎቱ በመሐሏ፣ የዮሌ ጣት በወጣበት ቀዳዳ፣ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁት።

ማንኪያውን ወደ ሞሬና ዘረጋሁ። እጄን ያዘችና መለሰችው።

«ያንተ ነው፣ አባዬ» አለች። «ብላው።»

ቁጭ ብዬ በላሁት።